የቅዳሜ ክበብ ማስታወሻ፦ ውሃ፣ ንፋስና ጥላ በደብረ ብርሃን

ይህ ማስታወሻ በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሠራውን ሥራ የሚከተል ነው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ሥራውን የምንመራው ከትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህርትና ከቤተ ሙከራ ባለሙያው ጋር ሆነን ነው። እነዚህ ልጆች 11ኛ ክፍል ሲገቡ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ምርጫ ይጠብቃቸዋል። ብዙዎቹ ግን እስከዚያ ድረስ አንድም ነገር በራሳቸው እጅ ለክተው አያውቁም። መንግሥት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሄድ ወስኖ ነበር፤ ነገር ግን መቀመጫ ማዘጋጀት ብቻውን ልብን አያዘጋጅም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩም እናስታውሳለን።

ጥቅምት 24

ዛሬ ተመዝጋቢዎቹን ለየን። ሃያ አራት ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹ ሴቶች። ከመምህርቷ ጋር አስቀድመን የተስማማንበትን ደንብ ሰሌዳ ላይ ጻፍነው፦ መሣሪያውን የሚይዘው ተማሪ ነው። እኛ አንነካም። የሚበየድ ወይም የሚቃጠል ነገር ሲኖር አጠገባቸው እንቆማለን፣ ካስፈለገም እጃቸውን እንይዛለን፤ ሥራውን ግን አንወስድባቸውም።

እያንዳንዱ ቡድን ለኪ፣ ጸሐፊ፣ አጣሪና ዕቃ ያዥ አለው፤ ኃላፊነቱ በየሳምንቱ ይዞራል። የመዞሩ ነገር የመምህርቷ ሐሳብ ነው። «ካልዞረ ዓመቱን ሙሉ ሴቶቹ ጸሐፊ፣ ወንዶቹ ለኪ ሆነው ይቀራሉ፤ ጽሕፈታቸው ያምራል ተብሎ ነው የሚጀመረው» አሉ። የሚያውቁትን ነው የተናገሩት።

ዕቃዎቻችን፦ አራት የአልኮል ቴርሞሜትሮች፣ አንድ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ካቻቢቴዎች፣ ፒንሳ፣ መጋዝ፣ ከከሰል ምድጃ ጋር ከየቤታቸው የሚያመጧቸው ድስቶች። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ማይክሮስኮፖች አሉት፤ ባለሙያው ሌንሶቻቸውን ሊያጸዱ ቃል ገብተዋል።

ኅዳር 8

ውሃ አፈላን። ይኸው ነው፤ የዛሬው ሙከራ ውሃ ማፍላት ነበር።

እያንዳንዱ ቡድን ግማሽ ድስት ውሃ ጣደ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን መቀመጫ ሳይነካ በውሃው መካከል እንዲሆን ለኪው በክር አንጠልጥሎ ያዘው። በየደቂቃው ያነብባል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። ሙቀቱ መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ ወጣ። ውሃው ሲንተከተክ ግን ቆመ። ከሰሉን ቢያራግቡትም ንቅንቅ አላለም።

ውጤታቸውን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። አንደኛው ቡድን 90፣ ሁለተኛው 91፣ ሦስተኛው 90.5። አራተኛው ቡድን 100 ብሎ ጻፈ።

ቀጥዬ የምጽፈው ለእኔ የዚህ ሥራ ዋና ነገር ነው። የአራተኛው ቡድን ቴርሞሜትር እንደ ሌሎቹ 90 ላይ እንደቆመ አይቻለሁ። ለኪዋም አይታዋለች። መዝገባቸው ላይ 88፣ 89፣ 90፣ 90፣ 90 የሚል ተራ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተሰርዞ 100 ተጽፎበታል። መምህርቷ አልተቆጡም። ለምን እንደሰረዙ ብቻ ጠየቁ። ልጅቷ «መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብለን ነው» አለች። የሌሎቹ ቡድኖች ልጆችም አልሳቁባትም፤ እንዲያውም የራሳቸውን ቁጥር በጥርጣሬ ማየት ጀመሩ። ከሦስተኛው ቡድን አንዱ ልጅ የእነሱንም ለማረም እጁን አወጣ።

ስምንት ዓመት የተማረ ልጅ በዓይኑ ያየውን ሰርዞ የተነገረውን ይጽፋል። ልጁን አልወቅስም፤ ፈተና ላይ 90 ብሎ ቢጽፍ ነጥብ አያገኝም። ነገር ግን በዚህ ልማድ መሐንዲስ አይወጣም። ፋብሪካ ውስጥ መለኪያው የሚለውን ትቶ መመሪያው ላይ ያለውን የሚመዘግብ ሰው አንድ ቀን ሰው ያስጎዳል።

መምህርቷ የተሰረዘው ቁጥር በቀይ ተከብቦ እንዲቆይ አደረጉና አንድ ጥያቄ ሰጥተው አሰናበቷቸው፦ ቴርሞሜትር ይዋሽ ወይም እውነት ይናገር እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ኅዳር 15

አራት መልስ ይዘው መጡ። አንዱ ቴርሞሜትሩን በብብት መያዝ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን የእያንዳንዱ ሰው ሙቀት ትንሽ ይለያያል። ሁለተኛው ሁሉንም ቴርሞሜትሮች አንድ ድስት ውስጥ ከትቶ ማስተያየት ነው፤ ይህንን ሠራነው፣ ከአንድ ዲግሪ የበለጠ ልዩነት አላሳዩም። ሦስተኛው ሌላ አዲስ መግዛት። አራተኛውን ያመጣችው ያቺ 100 ብላ የጻፈችው ልጅ ናት፦ በረዶ በሚቀልጥበት ውሃ ውስጥ መክተት።

በረዶው ከአንድ ካፌ ማቀዝቀዣ መጣ። ተሰባብሮ ከውሃ ጋር ተቀላቀለ፣ ተማሰለ፣ ቴርሞሜትሮቹ ገቡ። ሁሉም ዜሮ አጠገብ ቆሙ። እንግዲህ ቴርሞሜትሩ ታች ላይ እውነት የሚናገር ከሆነ ላይኛው ላይ አሥር ዲግሪ ያህል የሚሳሳትበት ምክንያት ምንድን ነው? ዝም አልን። ረጅም ዝምታ ነበር፤ መምህርቷም እኔም ለመናገር እየቸኮልን ራሳችንን ያዝን።

በመጨረሻ አንዱ ልጅ መጽሐፉን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበው፦ ውሃ «በባሕር ወለል» በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ያቺ ቃል ሁልጊዜ እዚያው ነበረች፤ ማንም አላያትም።

ከዚያ በኋላ ማብራሪያው ቀለለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከበላያችን ያለው አየር ስለሚቀንስ ውሃውን የሚጫነው ግፊትም ቀንሶ ባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ይሆናል። የውሃው ቅንጣቶች እንፋሎት ሆነው ለመውጣት የሚያሸንፉት ግፊት ትንሽ ስለሆነ በትንሽ ሙቀት ይፈላሉ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል።

ይህንን ደንብ ሰሌዳ ላይ ትተን ወደ ኋላ እንዲያሰሉት ጠየቅናቸው። ከ100 ላይ 90.5 ሲቀነስ 9.5፤ በ300 ሲባዛ 2,850። የከተማቸውን ከፍታ በድስት ለኩት! ያቺ ልጅ መዝገቧን ገልጣ 100 የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከሥሩ 90 ብላ ጻፈች። ቀዩን ክብ ግን አላጠፋችውም።

ኅዳር 29

እንግዳ ጋበዝን፦ በአንድ ፋብሪካ የቦይለር (የእንፋሎት ማፍያ) ክፍል የምትሠራ ቴክኒሻን። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በደረጃ 4 ተመርቃ ነው ሥራውን የጀመረችው። ሙያዋን በንግግር እንድታስተዋውቅ ሳይሆን ልጆቹ የጀመሩትን ጥያቄ ይዛ እንድትቀጥል ነበር የጠየቅናት። እሷም ፕሬሽር ኩከር ይዛ መጣች።

ድስቱ ሲታሸግ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ውሃው ሳይፈላ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። እኛ አገር ደጋ ላይ ባቄላ በተራ ድስት ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ውሃው በ90 ዲግሪ ስለሚፈላና ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ነው። በሁለት ድስት እኩል ባቄላ ተጣደ፤ የፕሬሽር ኩከሩ ቀድሞ በስሎ ተበላ። ከዚያ ቦይለር ይህንኑ እንደሚሠራ፣ የግፊት መለኪያው ስድስት ባር ሲያሳይ ውስጡ ያለው ውሃ ከ160 ዲግሪ በላይ እንደሚደርስ፣ የደኅንነት ቫልቩ ባይሠራ ምን ሊመጣ እንደሚችል ነገረቻቸው። «እኔ በየሰዓቱ መለኪያውን አነብባለሁ። ያነበብኩትን እጽፋለሁ። ያላነበብኩትን አልጽፍም» አለች። ይህንን እንድትል ማንም አልነገራትም። አራተኛው ቡድን ጠረጴዛ ላይ ያሉት ልጆች ተያዩ።

ጥያቄዎቹ ወደ ኑሮዋ ዞሩ። ሌሊት መሥራት አያስፈራም? ደመወዙ ስንት ነው? ወንዶቹ ይታዘዙሻል? ሁሉንም መለሰች። አንዲት ልጅ ከኮሌጅ በኋላ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች፤ እሷ ራሷ በማታ ትምህርት ዲግሪዋን እየቀጠለች መሆኗን ነገረቻት። ሳይንስና ምህንድስና ማለት ሐኪምና መሐንዲስ ብቻ መሆን ነው ብለው ለሚያስቡ ልጆች በመካከል ያሉትን ሙያዎች ማየት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ፋብሪካ የሚቆመው በቴክኒሻኖቹ ነው።

ታኅሣሥ 13

የጥላ መዝገብ ጀመርን። ሥራው እስከ ሚያዝያ ይቀጥላል።

አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፌሮ ሲሚንቶ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ቆመ። ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ የአንዱ ልጅ አባት ግንበኛ ናቸውና ቱንቢና ውሃ ልክ አበደሩን፤ ራሳቸውም መጥተው አጠቃቀሙን አሳዩ። ጋሼ ለአርባ ደቂቃ ያህል መምህር ሆኑ፤ ልጃቸው ደረቱን ነፍቶ ዋለ።

ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ጥላው በጣም ያጠረው 6 ሰዓት ከ20 ላይ ነው፤ ርዝመቱ 65 ሴንቲ ሜትር፣ አቅጣጫው ወደ ሰሜን። ፀሐይ ከደቡብ በኩል እጅግ ዝቅ የምትልበት ወቅት ነውና ትክክል ነው። «ቀትር 6 ሰዓት አይደለም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ወዲያው መጣ። የአገራችን ሰዓት የተስተካከለው በኬንትሮስ 45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ላለ ቦታ ቀትር ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን 39 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ሂሳቡን ራሳቸው ሠርተው ወደ 22 ደቂቃ አገኙ። ሁለቷ ደቂቃ ከየት እንደጎደለች ማንም አልጠየቀም፤ እኛም አላነሳናትም።

ጥር 18

ለጥምቀት ወደ ዘመድ የሚሄዱ ልጆች ቴርሞሜትር ይዘው እንዲሄዱ ፈቅደን ነበር። የቤተ ሙከራው ባለሙያ ይሰበራል ብለው ሰግተው ነበር፤ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በቀርከሃ ውስጥ ከትተው ሰጧቸው። ሁሉም በደኅና ተመለሱ።

ሸዋ ሮቢት የሄደው ልጅ 96 ዲግሪ ይዞ መጣ። በደንባችን ሲሰላ 1,200 ሜትር ይሆናል፤ ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የልጁ አያት ከደጋው ወደ ቆላው ወርደው የኖሩ ናቸው፤ ንፍሮ ሸዋ ሮቢት ቶሎ እንደሚበስል ድሮም ያውቁ እንደነበር ነገሩት። የእሳቸውም ቃል በመዝገቡ ላይ ሰፈረ። አንኮበር የሄደችው ደግሞ 92 አገኘች። አሁን ግድግዳው ላይ የመፍያ ሙቀት ካርታ አለን፤ ሌሎች የትምህርት ቤቱ ተማሪዎችም እየቆሙ ያዩታል።

የካቲት 9

ዛሬ የጥላ መዝገቡ ራሱ ጥያቄ ወለደ። ጥላው ወደ 40 ሴንቲ ሜትር አጥሯል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በጣም ያጠረበት ሰዓት 6 ሰዓት ከ36 ሆነ። በታኅሣሥ 6 ከ20 ነበር።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሰዓቱ ላይ ወደቀ። በሦስት ስልክ ተመሳከረ፤ ሰዓቱ ትክክል ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬ ፌሮው ላይ ነበር፤ ቱንቢው ወረደ፣ ፌሮው ቀጥ ያለ ነው። ሦስተኛው ጥርጣሬ መጽሐፉ ላይ ሆነ፤ መጽሐፉ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይልም። ኅዳር ላይ ቁጥራቸውን ለማጥፋት እጃቸውን ያወጡ ልጆች ናቸው እነዚህ። ዛሬ ማንም 36 የሚለውን ለመሰረዝ አልጠየቀም።

ምክንያቱን መምህርቷ ብርቱካንና ሻማ ይዘው አስረዱ። መሬት ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ አይደለም፤ ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። የመሬት ዛቢያም ያዘነበለ ነው። ሁለቱ ተደምረው ፀሐይ የምትሰጠን ቀትር ከእጅ ሰዓታችን በዓመት ውስጥ እስከ ሩብ ሰዓት ገደማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዋልላል። በየካቲት መጀመሪያ ወደ 14 ደቂቃ ይዘገያል፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ልዩነቱ ዜሮ አጠገብ ይደርሳል። የታኅሣሧ ሁለት ደቂቃም ከዚሁ የመጣች ናት። ሁሉም ገባቸው ማለት አልችልም፤ የእኔንም ዕውቀት የፈተነ ትምህርት ነበር። ግን ከብርቱካኑ ዙሪያ ለመውጣት አልፈለጉም፤ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሩን ሊዘጉ መጥተው አብረውን ቆዩ።

የካቲት 30

ያለፈው ቅዳሜ የዓድዋ በዓል ስለነበር አልተገናኘንም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሌላው የዓድዋ ታሪክ አወራን። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን ጉዳይ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው የሚያድገው። ከዚህ ምልከታ ተነስተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል።

ልጆቹ እንዶድ ከየቤታቸው አመጡ፤ ጓንት አድርገው ፈጩት፣ በጠርሙስ ውሃ ናጡት፣ የአረፋውን ቁመት በተለያየ መጠን ለኩ። ዓይን ያቃጥላልና መነጽር ግዴታ ነበር። ውሃውን ወንዝ አጠገብ እንዳይደፉት አስጠነቀቅን፤ ዓሣም ይገድላል።

እግረ መንገዳችንን ከፍኖተ ሰላም ስለተነሡት የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ስለ ዶክተር ሰገነት ቀለሙም አነሣን። በ2014 እ.ኤ.አ. የሎሪያልና ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ካገኙት አንዷ ናቸው። የታዋቂ ሰው ስም መጥራት ብቻውን ልጅን ያነሣሣል ብዬ አላምንም። ስሙ ቦታ የሚያገኘው ልጁ ራሱ የሆነ ነገር እየለካ ሳለ ሲሰማው ነው። ዛሬ አረፋ እየለኩ ስለነበር ጥያቄያቸው ስለ ሽልማቱ አልነበረም፤ «ስንት ግራም ነው የተጠቀሙት?» ነበር።

መጋቢት 14

ደብረ ብርሃን ንፋስ አያጣትም። ከተበላሸ ፕሪንተር የወጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር በእጅ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ይህንን በመልቲሜትር አዩ። ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ክንፍ ቆርጠው ሞተሩ ላይ አሰሩና ከክፍሉ ጀርባ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ክንፉ ዞረ፣ ሁሉም ጮኹ፤ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ትንሽ ቀይ መብራት (ኤልኢዲ) ግን አልበራም። መልቲሜትሩ አንድ ቮልት ከምናምን አሳየ፤ ቀይ ኤልኢዲ ደግሞ ወደ ሁለት ቮልት ይፈልጋል።

መጋቢት 21

ሦስት ቡድኖች ክንፉን ለማስረዘም ሞከሩ። ረጅም ክንፍ ብዙ ንፋስ ይይዛል፤ ሆኖም ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ቮልቴጁ ጭራሽ ወረደ። አራተኛው ቡድን አሮጌ የብስክሌት ጎማ ይዞ መጣ። ክንፎቹን ጎማው ላይ አሰሩ፤ የጎማውን ዙሪያ ከካላማዳሪ በተቆረጠ ቀጭን ቀበቶ ከሞተሩ ትንሽ መዘውር ጋር አገናኙት። ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ኤልኢዲው በራ። ቀበቶው እየተንሸራተተ ያስቸግር ነበር፤ የቤተ ሙከራው ባለሙያ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ሰም እንዲቀቡት መክረው ተስተካከለ።

አዳማ ያለው ሁለተኛው የንፋስ ኃይል ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት፣ መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳላቸው ነገርኳቸው። ንፋሱ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ እንደሚሆንም እንዲሁ። ያን ጊዜ የመጣውን ጥያቄ ቃል በቃል ጻፍኩት፦ «መምህር፣ እዚህ አየሩ ሳስቷል ብለን ነበር፤ ውሃው በ90 የሚፈላው ለዚያ ነው። አየሩ ከሳሳ ንፋሱም ቢሆን ጉልበቱ አይቀንስም?»

ይቀንሳል። በእኛ ከፍታ አየሩ ባሕር ወለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው፤ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ንፋስም በዚያው ልክ ኃይሉ ያነሰ ነው። የንፋስ ማመንጫ ለደጋ ሲመረጥ መሐንዲሶች ይህንን ያሰላሉ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ኅዳር ላይ በድስት ያገኘውን ነገር መጋቢት ላይ ከብስክሌት ጎማ ጋር አገናኘው። ማንም አላገናኘለትም። በዓመት አንድ ቀን የሚደረጉ የሳይንስ ትርኢቶች ይህንን ሊሰጡ አይችሉም የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንግዳው ድሮኑን አብርሮ፣ ልጆቹ አጨብጭበው፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያ ገንዘብ ለአንድ ትምህርት ቤት ቴርሞሜትርና መልቲሜትር ቢቀመጥለት፣ ከአንድ ትጉህ መምህር ጋር፣ ልጆቹ ጊዜ ያገኛሉ። ሐሳብ የሚገናኘው በጊዜ ነው።

ሚያዝያ 5

ልምምድ። ጥላው አንድ ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ብቻ ቀርቷል። ሰኞ ሚያዝያ 7 ፀሐይ በቀትር አናታችን ላይ ትሆናለች፤ ፌሮው ጥላ አይኖረውም።

ለዚያ ቀን አጋር አለን። መምህርቷ በዩኒቨርሲቲ አብረዋቸው የተማሩ አንድ የመቀሌ መምህር አሏቸው፤ እሳቸውም ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ሜትር ፌሮ አቁመዋል። መቀሌና ደብረ ብርሃን በአንድ የሰሜን ደቡብ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቀትራቸው እኩል ነው። ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የመሬትን ዙሪያ ለመለካት በእስክንድርያና በአስዋን መካከል የሠራውን ነው የምንሠራው። የመቀሌዎቹ ልጆች ትምህርት ቤቶቻቸው ለዓመታት ተዘግተውባቸው የቆዩ ናቸው። በስልክ ድምፃቸውን ስንሰማ የእኛዎቹ መጀመሪያ ዓይናፋር ሆኑ፤ ወዲያው ግን ስለ ፌሮውና ስለ ቱንቢው መጠያየቅ ጀመሩ።

ሚያዝያ 7

ጠዋት ደመና ነበር፤ የበልግ ሰሞን ነውና ሁላችንም ሰግተን ነበር። ከ6 ሰዓት በኋላ ተገለጠ። 6 ሰዓት ከ22 ላይ የፌሮው ጥላ እግሩ ሥር ገባ። ሌሎች ክፍሎችም መምህሮቻቸውን ይዘው ወጥተው የራሳቸውን ጥላ ፈለጉ፤ ግቢው በጩኸት ተሞላ። እኛ ግን ስልኩ ላይ ነበርን። ከመቀሌ የመጣው ቁጥር፦ 6.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ሰሜን።

ስሌቱን ያለ ትሪጎኖሜትሪ ሠሩት። ከመካከሉ እስከ ጠርዙ እንደ ፌሮው አንድ ሜትር የሆነ ክብ ዙሪያው 628 ሴንቲ ሜትር ነው። 6.5 ሴንቲ ሜትር በዚህ ክብ ውስጥ 96.6 ጊዜ ይገባል። እንግዲያው ከደብረ ብርሃን እስከ መቀሌ ያለው ርቀትም በመሬት ዙሪያ ያንኑ ያህል ጊዜ ይገባል ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ አንድ ለሁለት ሚሊዮን ነው፤ በማስመሪያ 21.2 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 424 ኪሎ ሜትር። ተባዛ፦ ወደ 41,000 ኪሎ ሜትር። በዋልታዎቹ በኩል የሚለካው የመሬት ዙሪያ 40,008 ነው።

የተባዛው በሁለቱም ከተሞች በአንድ ጊዜ ነበር፤ የመቀሌዎቹ በስልኩ ቀድመው ጮኹ። ስሌቱን በእኛ በኩል የሠራችው ያቺ የአራተኛው ቡድን ልጅ ነበረች። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ስንነግራት ፊቷ አልተለወጠም፤ «ሁለት ሚሊ ሜትር ብንሳሳት ስንት ይለወጣል?» ብላ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ሠርታ ስታየው ጥላው 6.7 ቢሆን ኖሮ ወደ 39,700 ይወርድ ነበር። በራሷ ጊዜ የስህተትን መጠን አሰላች። ይህንን ማንም አላዘዛትም።

ሚያዝያ 19

ትናንት ሚያዝያ 18 ተራው ተገልብጦ ነበር። ፀሐይ መቀሌ አናት ላይ ሆነች፤ የእነሱ ጥላ ጠፋ፣ የእኛው ወደ ደቡብ 6.8 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከዚህኛው የወጣው 39,150 ገደማ ነው። የሁለቱ መካከለኛ ከ40,000 ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ሁለቱን ልኬቶች ማማከሉን የጠየቁት የመቀሌዎቹ ናቸው።

ዛሬ ወላጆች መጥተው ነበር። ሥራውን ያስረዱት ልጆቹ ናቸው፤ እኛ ከኋላ ተቀምጠን ሰማን። የአንዲት ልጅ እናት ይህ ሁሉ ልጃቸውን ለፈተና ይጠቅማት እንደሆነ ጠየቁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መምህርቷ የግፊት፣ የሙቀት፣ የክብና የኤሌክትሪክ ትምህርቶች ከመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የትኞቹ ገጾች እንደሆኑ አንድ በአንድ አሳዩዋቸው። ግንበኛው ጋሼ ደግሞ ቱንቢያቸውን ለክበቡ ትተው ሄዱ።

የክረምቱ ዕቅድ፦ የጥላ መዝገቡ ደመና በፈቀደ መጠን ይቀጥላል፤ ሰኔ አጋማሽ ላይ ጥላው ወደ ደቡብ 24 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ መድረስ አለበትና ይረጋገጥ። አራተኛው ቡድን ከሐዋሳ አጋር ትምህርት ቤት ይፈልጋል፤ ሐዋሳ በኬንትሮስ አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለምትሆን ቀትሯ በአራት ደቂቃ ይዘገያል፣ ይህንን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ጽፈው እንዲያመጡ ተነግሯቸዋል። በመስከረም አዲስ የ9ኛ ክፍል ልጆች እንቀበላለን፤ የዘንድሮዎቹ ከእነሱ ጋር ውሃ ያፈላሉ። ስድስት ቴርሞሜትር፣ ሁለት መልቲሜትርና ለንፋስ ማመንጫው የሚሆን አንድ ጥሩ የሞተር መዘውር ያስፈልገናል።

ግንቦት 3

ከሐዋሳ መልስ መጣ፤ አንድ የፊዚክስ መምህር ፈቃደኛ ናቸው። ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይደውላሉ፤ ስልኩን የምትመልሰው ያቺው የአራተኛው ቡድን ልጅ ናት።